ሰባት ዓመት የሚጠበቅ ቀይ ወይን

(አዳማ ውስጥ ለሆቴልና ለምግብ ቤት ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። ፈረቃ ተቀያይራችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጊዜያችሁን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ቀይ ወይን ነው። ስሙ ሻቶ ሙሳር ይባላል። የሚሠራው ሊባኖስ ውስጥ ነው። ሦስት ዓይነት የወይን ፍሬ ተቀላቅሎበታል። የሆሻር ቤተሰብ በ1930 ጀመረው፣ ዛሬም በዚያው ቤተሰብ እጅ ነው። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንደምጠራ ከወዲሁ ልንገራችሁ። ይህ ወይን ለገበያ የሚወጣው ፍሬው ከተለቀመ በሰባተኛው ዓመት ነው።

ለምን እሱን መረጥኩ? አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። በየሳምንቱ እንግዳ ይመጣል፤ ማታ ማታ ጠርሙስ ይከፈታል። እንግዳው «ጣፋጭ ነው ደረቅ?» ይላል። ቀጥሎ ዋጋ ይጠይቃል። ሁለቱን መልሰን እንሄዳለን። ከየት መጣ፣ ማን ሠራው፣ መሬቱ እንዴት ተያዘ የሚለው አይነሳም። እኔ ግን በዚህ ሙያ በቆየሁ ቁጥር አንድ ነገር እየጠራልኝ መጥቷል። ጥሩ ወይን ላይ የምንከፍለው ገንዘብ ብዙው የጊዜ ዋጋ ነው። መሬቱን የማያጣድፍ ቤት ጠርሙሱንም አያጣድፍም። ሁለቱ ጠባዮች አንድ ሥር ነው ያላቸው። ሙሳር ይሄንን በደንብ ያሳያል።

ሊባኖስ ሲባል መቼም እኛ አገር ወይን የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚያዘወትር ሰው የዳዊትን «የሊባኖስ ዝግባ» ያስታውሳል። ሌላው ሁሉ ቤይሩትን ነው የሚያስበው። እህቱ፣ አክስቱ ወይም የጎረቤቱ ልጅ ቤይሩት ሠርታ ለቤተሰብ ብር የላከች ስንቱ ነው! በ2020 የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አሠሪዎቻቸው አምጥተው ቆንስላችን ደጅ ላይ የጣሏቸውን እህቶቻችንንም አይተናል። የዚያን አገር ምርት ሳደንቅ ይሄን ረስቼ አይደለም። ልረሳውም አልፈልግም። ያው አገር ግን በጣም ጥንታዊ የወይን እጅ ያለበት አገር ነው፤ እሱንም ማወቅ አለብን።

ወይኑ የሚበቅለው ቤካ በሚባል ሸለቆ ነው። በሁለት የተራራ ሰንሰለቶች መካከል የተዘረጋ ሰፊ ሜዳ ነው። ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር ይጠጋል። በጂኦግራፊ ትምህርት ታላቁ ስምጥ ሸለቆ ከሊባኖስ ተነስቶ ሞዛምቢክ ይደርሳል ሲባል የኖረው ከዚሁ ከቤካ እየተነሳ ነው። የዛሬ ጂኦሎጂስቶች የሰሜኑን ክፍል ለይተው ያዩታል። ቢሆንም አዳማ ላይ፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ተቀምጠን ስለ ቤካ ስንሰማ አንድ የሚያቀራርበን ነገር አለ። ደረቅ አገር፣ ብዙ ፀሐይ፣ ከግራና ከቀኝ ከፍ ያለ ምድር።

ሸለቆው ውስጥ በዓልቤክ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ሮማውያን በሁለተኛው መቶ ዘመን ለወይን አምላካቸው ለባኮስ የሠሩት ቤተ መቅደስ ዛሬም ቆሟል። የድንጋይ ጥርቡ ላይ የወይን ሐረግ ይታያል። ከሮማውያን በፊትም ፊንቄያውያን ከዚያ ባሕር ዳርቻ ወይን በመርከብ እየጫኑ ይነግዱ ነበር። በቅርቡ ዘመን ደግሞ የኢየሱሳውያን መነኮሳት በ1857 ክሳራ በሚባል ቦታ የወይን ሥራ ጀምረዋል። ሆሻሮች የገቡት እንግዲህ ብዙ ሺህ ዓመት ያስቆጠረ ታሪክ ውስጥ ነው።

ጋስቶን ሆሻር ቦርዶ ሄዶ የፈረንሳዮቹን አሠራር ካየ በኋላ ነው አገሩ ተመልሶ በ1930 የጀመረው። መጥመቂያውን ያቋቋመው ከቤይሩት በስተሰሜን ባለችው ጋዚር፣ በአንድ አሮጌ ግንብ ውስጥ ነው። እርሻው ቤካ፣ መጥመቂያው ጋዚር ማለት ነው። በመካከላቸው የሊባኖስ ተራራ አለ። ይሄን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ጣጣ ያመጣል። በ1959 ጥመቃውን ልጁ ሰርዥ ሆሻር ተረከበ። ሰርዥ ትምህርቱን የጀመረው በምህንድስና ነበር፤ በኋላ ቦርዶ ሄዶ የወይን ሳይንስ ተማረ። ወንድሙ ሮናልድ የገንዘቡንና የሽያጩን በኩል ያዘ። ሰርዥ በ2014 መጨረሻ አረፈ፤ ሥራውን የቀጠሉት ልጆቻቸው ናቸው።

አሁን ወደ ቅልቅሉ ልግባ።

እኛ ዘንድ ተቀላቀለ ሲባል ቶሎ ጥርጣሬ ይመጣል። ቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት የሚጨምሩ ሰዎች ያስለመዱን ነገር ነው። ብዙ እንግዳ ደግሞ ከአንድ ዓይነት ፍሬ ብቻ የተሠራ ወይን የበለጠ ንጹህ ይመስለዋል። እንዲህ ያለ እንግዳ ሲያጋጥማችሁ ረጋ ብላችሁ አስረዱት። የቦርዶ ታላላቅ ቀይ ወይኖች በአብዛኛው ቅልቅል ናቸው። ማቀላቀል ከወይን ሠሪ ሥራ ሁሉ ከባዱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ሙሳር ቀይ ውስጥ ያለው የመጀመሪያው ፍሬ ካበርኔ ሶቪኞን ነው። መነሻው ቦርዶ ነው። ፍሬው ትንሽ፣ ቆዳው ወፍራም። ቀለሙም፣ አፍ የሚያደርቀው ታኒንም ያለው ቆዳው ላይ ስለሆነ ወይኑ ጠንካራ ይሆናል። ብዙ ዓመት መቆየት ይችላል። ጠጅ የሚጥል ሰው ይሄን ቶሎ ይረዳዋል። ማሩ ብቻውን ልፍስፍስ ነው፤ ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ጌሾው ነው። ካበርኔ እዚህ የጌሾውን ሥራ ይሠራል።

ሁለተኛው ሳንሶ ይባላል። የደቡብ ፈረንሳይ ፍሬ ነው። ሙቀትና ድርቅ ይችላል። ቀለሙ ሳሳ ያለ ነው፤ ጉሮሮ ላይ ግን አይጎረብጥም፣ መዓዛውም ደስ ይላል። ከውጭ በሚገቡ የደቡብ አፍሪካ ጠርሙሶች ላይ ፒኖታዥ የሚል ስም አይታችሁ ይሆናል። እሱ በ1925 ሳንሶን ፒኖ ኗር ከተባለ ሌላ የወይን ፍሬ ጋር በማዳቀል የተገኘ ዝርያ ነው።

ሦስተኛው ካሪኛን ነው። የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ኮምጣጣነቱ ከፍ ያለ ነው፣ ቀለሙም ጠቆር ይላል። እኔ ከሦስቱ በጣም የምወደው እሱን ነው። ምክንያቱም የሰው አያያዝ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ፍሬ ነው። እንደ ልቡ ፍሬ እንዲያዝል ከተለቀቀ ተራ ወይን ነው የሚወጣው፤ ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ርካሽ ወይን ሲሠራበት ኖሯል። ያረጀ ግንድ ላይ ጥቂት ዘለላ ብቻ ሲይዝ ግን ሌላ ሆኖ ይገኛል። ያው ፍሬ፣ ያው ዘር። ልዩነቱ ገበሬው ስንት ዘለላ ለመተው ቆረጠ የሚለው ላይ ነው።

ሦስቱ ለየብቻ ይለቀማሉ፣ ለየብቻም ይፈላሉ። ለቀማው በእጅ ነው። የሚፈሉት ሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ነው። በርካታ ቤቶች ከፋብሪካ የሚገዛ እርሾ ይጨምራሉ፤ እዚህ ቤት ግን የሚሠራው ከእርሻውና ከጓዳው የሚመጣው እርሾ ነው። ከዚያ ወይኑ የፈረንሳይ ኦክ በርሜል ውስጥ አንድ ዓመት ይተኛል። በሦስተኛው ዓመት ሦስቱ ይቀላቀላሉ። ድርሻቸው ከዓመት ዓመት ይለያያል። አንዱ ዓመት ሙቀት በዝቶ ካበርኔው ከብዶ ይሆናል፣ ሌላው ዓመት ካሪኛኑ ተሳክቶለት ይሆናል። ቀማሹ ነው የሚወስነው። ከዚያ ሳይጣራ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። ጠርሙሱ ደግሞ ጋዚር ባለው ምድር ቤት እንደገና ለዓመታት ይተኛል። ሰባት ዓመት ያልኳችሁ ይሄ ሲደመር ነው።

እስቲ ይሄን በነጋዴ ዓይን እዩት። የዘንድሮን ምርት የምትሸጠው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያው የሠራተኛ ደመወዝ ትከፍላለህ፣ በርሜል ትገዛለህ፣ ጠርሙስ ትገዛለህ። መጋዘንህ ውስጥ ያልተሸጠ የበርካታ ዓመት ምርት ተኝቷል። በየሦስት ወሩ ትርፍ የሚጠብቅ ባለ አክሲዮን ያለው ድርጅት ይሄን ለመታገስ በጣም ይከብደዋል። ቤተሰብ ሁሉ ይታገሳል አልልም፤ ተጣልቶ የሚበተን ቤተሰብ ሞልቷል። አያቱ የተከለውን የልጅ ልጁ እንደሚለቅም የሚያውቅ ሰው ግን ሰባት ዓመት አያስፈራውም። ቤተሰብ የያዘው ወይን የሚል ነገር ጠርሙስ ላይ ስታዩ፣ ሊነገር የሚገባው ቁም ነገር ይሄ ይመስለኛል።

ሙሳር ደግሞ በሰላም ጊዜ ብቻ አልነበረም የታገሰው። ከ1975 እስከ 1990 ሊባኖስ እርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ነበረች። ቅድም ልብ በሉልኝ ያልኩት እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ፍሬው ያለው ቤካ፣ መጥመቂያው ጋዚር። በመካከል ተራራ፣ ተራራው ላይ የተኩስ መስመር፣ በየመንገዱ ኬላ። የወይን ፍሬ ደግሞ ነገ ይደርሳል ብለህ የምታቆየው ነገር አይደለም። ከተለቀመ በሰዓታት ውስጥ መጥመቂያ መግባት አለበት። በ1976 መንገዱ ተዘግቶ ምንም ወይን አልተሠራም። በ1984 ደግሞ ፍሬው ተጭኖ መኪኖቹ መንገድ ላይ ቀሩ። ውጊያውን ለማምለጥ ዙሪያ ጥምጥም ዞረው ጋዚር ሲደርሱ ፍሬው መኪናው ላይ እንዳለ መፍላት ጀምሮ ነበር። ሰርዥ አልደፋውም። ጠመቀው፣ አቆየውም።

ቲማቲም ከመቂ ጭኖ አዲስ አበባ ያደረሰ ሹፌር ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሽታው እየተለወጠ፣ ከታች ጭማቂው እየተንጠባጠበ፣ ኬላ ላይ ቆሞ መጠበቅ። ሌሎቹን የጦርነት ዓመታት በሙሉ ግን ወይን ተሠርቷል። አገር ውስጥ ገዢ ሲጠፋ ሰርዥ ጠርሙሶቹን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ። በ1979 እንግሊዝ ውስጥ ብሪስቶል ላይ በተደረገ የወይን ትርዒት ታዋቂው ቀማሽ ማይክል ብሮድቤንት ቀምሶት አደነቀው። ከዚያ በኋላ ነው ስሙ በዓለም የታወቀው። በ1984፣ ያው ፍሬው መንገድ ላይ በፈላበት ዓመት፣ ዲካንተር የተባለው የእንግሊዝ የወይን መጽሔት የዓመቱ ሰው የሚለውን ክብር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ የሰጠው ለሰርዥ ነው።

መሬቱስ? ሙሳር በ2006 ኦርጋኒክ ተብሎ ማረጋገጫ አግኝቷል፤ በሊባኖስ የመጀመሪያው ነው። ማረጋገጫው ይምጣ እንጂ አያያዙ ከዚያ በፊትም የነበረ ነው። ብዙዎቹ ተክሎች ያረጁ ናቸው። ሽቦ ላይ አልተዘረጉም፤ እንደ ቁጥቋጦ ዝቅ ብለው ለራሳቸው ቆመዋል። በመስኖ አይጠጡም። የቤካ ዝናብና በረዶ የሚወርደው በብርዱ ወራት ነው፣ የሙቀቱ ወራት ደረቅ ናቸው። ተክሉ ውሃ ፍለጋ ሥሩን ወደ ታች፣ ወደ ኖራ ድንጋዩ ይልካል። የሚሰጠው ፍሬ ጥቂት ነው። ጥቂት በመሆኑ ግን ጣዕሙ የተሰበሰበ ነው።

ዘላቂ እርሻ ሲባል ለታይታ ወይም ለፈረንጅ ገዢ ተብሎ የሚደረግ የሚመስለው ሰው አለ። እስቲ እርሾውን አስቡት። እርሾው ከእርሻውና ከጓዳው የሚመጣ ነው ብያለሁ። ማሳውን በመርዝ ብታጥበው ፍሬው ላይ ያለውን ሕይወት ታሳሳዋለህ። ያኔ እርሾ ከሱቅ መግዛት ሊኖርብህ ነው፤ ጣዕሙም የሌላ ሰው ጣዕም ይሆናል። አፈሩን መጠበቅ እዚህ ቤት የጥመቃው አካል ነው። ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ አንድ ሥር ነው ያላቸው ያልኩት።

ይህ አሠራር ዋጋ ያስከፍላል፤ ልደብቃችሁ አልፈልግም። ሙሳር ከዓመት ዓመት አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዴ ሁለት የአንድ ዓመት ጠርሙሶች እንኳ ይለያያሉ። አፍንጫችሁን ስታስጠጉ ሹል፣ የጥፍር ቀለም የሚመስል ሽታ ሊመጣ ይችላል። በላብራቶሪ መለኪያ ይሄ ጉድለት ነው የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። እኔ በልኩ ሲሆን ወይኑን ያነቃዋል ከሚሉት ወገን ነኝ። እንግዳ ግን ሳይነገረው ቢያሸተው ተበላሽቷል ሊል ይችላል። ስለዚህ ከመክፈታችሁ በፊት ንገሩት። «ይሄ ብዙ ሳይነካካ የሚሠራ ወይን ነው፣ መጀመሪያ ሲከፈት ትንሽ ሹል ይላል፣ ሩብ ሰዓት ስጡት» በሉት። ይሄን የሰማ እንግዳ በትዕግሥት ይጠብቃል።

ብርጭቆ ውስጥ ምን እንደሚታይ ደግሞ እንይ። ነጭ ወረቀት ላይ ብርጭቆውን አዘንብሉት። መሃሉ ጠቆር ያለ ቀይ ነው። ጠርዙ ግን ወደ ጡብ ቀለም ሸሽቷል። ይሄ የዕድሜ ምልክት ነው። ገና የወጣ ወይን ጠርዙ ሐምራዊ ይላል። ሽታው ላይ ትኩስ ፍሬ ፈልጋችሁ አታገኙም። የደረቀ በለስ፣ ተምር፣ ቆዳ፣ የዝግባ እንጨት፣ ትንሽ ቅመም ነው የሚመጣው። አፍ ውስጥ ሲገባ ከሽታው የቀለለ ነው። ከባድ ነገር ጠብቆ የመጣ ሰው እዚህ ላይ ይገረማል። የሳንሶው ሥራ ነው።

በእምነታችሁ ወይም በምርጫችሁ የማትጠጡ እህቶችና ወንድሞች እዚህ አላችሁ። አዳማ ሆቴሎች ውስጥ ከምርጥ አስተናጋጆቻችን መካከል የማይጠጡ ብዙ ናቸው። ይሄ ሙያ ለእናንተም ነው። ቀለሙን በዓይን፣ ሽታውን በአፍንጫ ታውቁታላችሁ። የቡሽ ችግር ያለበት ጠርሙስ የረጠበ ካርቶን ይሸታል፤ እሱን ለመለየት መቅመስ አያስፈልግም። ታሪኩን መናገር ደግሞ ለማንም አይከለከልም።

ስለ ሙቀት አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይቅረብ የሚለው ደንብ የመጣው ከቀዝቃዛ የአውሮፓ የድንጋይ ቤቶች ነው። የአዳማን የሚያዝያ ከሰዓት አያውቅም። እዚህ መደርደሪያ ላይ የዋለ ጠርሙስ ለብ ብሎ ነው የሚቀዳው፤ ያኔ አልኮሉ ብቻ ይወጣል፣ ሌላው ይጠፋል። የሙሳር ዓይነት ወይን የሚፈልገው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ አስቀምጡት፣ ከዚያ አውጡት። ለጉደርም፣ ለሪፍት ቫሊም፣ ለማንኛውም ቀይ ይሠራል። ከዛሬው ንግግር ሌላው ሁሉ ቢረሳችሁ ይሄን ነገ ሥራ ላይ አውሉት።

ሌላው ዝቃጩ ነው። ያልተጣራ ወይን ሲቆይ ታች አተላ ይሠራል። ጠርሙሱን ከአንድ ቀን በፊት አቁሙት፣ አተላው ይቀመጥ። ስትከፍቱ አታናውጡ። ሰፋ ያለ የመስታወት ማንቆርቆሪያ ካለ ቀስ ብላችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ገልብጡት፤ አንገቱ ሥር መብራት ወይም የስልክ ባትሪ ያዙበት። ጥቁሩ ክር አንገቱ ጋ ሲደርስ አቁሙ። የተረፈውን ጣት የማይሞላ ወይን ለመቆጠብ ብላችሁ ሁሉን አታደፍርሱት።

ከምን ጋር ይቀርባል? ከበግ ጋር በጣም ይስማማል። ቃሪያው ያልበዛበት የበግ ጥብስ፣ አሮስቶ፣ በሮዝመሪ የተጠበሰ ጎድን ጥሩ ነው። ዶሮ ወጥ ላይ ግን አልመክርም። በርበሬው ከታኒኑና ከአልኮሉ ጋር ሲገናኝ አፍ ያቃጥላል፤ ወጡም ወይኑም ይጎዳሉ። ለዶሮ ወጥ ጠጅ አለን፤ ከጥንት የተስማማ ነው።

ወደ ራሳችን ሸለቆ ልምጣ። ከዚህ ብዙ ሳንርቅ ሁለት የወይን እርሻ አለን። አዋሽ ወይን ጠጅ መርቲ ጀጁ ላይ ያለማል፤ ከ70 ዓመት በላይ የቆየ ስም ነው። ባቱ ላይ ደግሞ ካስቴል አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሪፍት ቫሊና አካሺያ ጠርሙሶች የወጡት በ2014 ነው። ካስቴል ራሱ በ1949 ቦርዶ ላይ ወንድማማቾችና እህትማማቾች የጀመሩት ድርጅት ነው። ባቱ ላይ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሜርሎና ሲራ ይበቅላል። ቅልቅል የሚሠራበት ፍሬ አለን ማለት ነው።

የእኛ ሁኔታ ግን ከቤካ ይለያል። እዚያ ተክሉ በብርዱ ወራት ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። እኛ ጋ የሚያስተኛ ብርድ የለም። ገበሬው መቼ እንደሚገርዝ ራሱ ይወስናል፤ ተክሉ የሚነቃው መቀሱን ተከትሎ ነው። ዝናባችንም በብዛት የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ውሃ በዛ ሲል ፍሬ ይሻግታል፣ ሲጠፋ መስኖ ይፈለጋል። ስለዚህ ሙሳር የሚያደርገውን ቀድተን እናምጣ አልልም። አይሆንም።

መጠየቅ ያለብን ግን አለ፤ ውሃ። የዝዋይ ሐይቅ ላይ ስንት እጅ እንዳለ ታውቃላችሁ። አትክልቱ፣ አበባው፣ ከተማው፣ ወይኑ። ከዝዋይ በታች ያለው አብያታ ሐይቅ ከድሮ ዳርቻው እየሸሸ እንደመጣ በዚያ መንገድ የተጓዘ ሁሉ አይቷል። እናንተ ገዢዎች ናችሁ። የሆቴል ግዢ ክፍል በዓመት የሚያዘው ካርቶን ቀላል አይደለም። አቅራቢው ሲመጣ ከቅናሽ ቀጥሎ ይሄንን ጠይቁት። ውሃውን ከየት ታመጣላችሁ? በጠብታ ነው በቦይ? አፈሩን ምን ታበሉታላችሁ? ያገለገለውን ውሃ የት ትለቁታላችሁ? ገዢ የጠየቀውን ጥያቄ ሻጭ አለቃው ጋ ይዞ ይሄዳል። እኔ በዚህ በጣም አምናለሁ። ከከተማችን በላይ ተራራው ላይ የሚዞሩትን የነፋስ ተርባይኖች ለእንግዳ በኩራት እናሳያለን። የወይን ዝርዝራችን ላይም እንደዚያ የምንኮራበት ነገር ይኑር።

ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱን እዚህ ልጨምር።

አንዲት እህት «ቀይ ወይን በኮካ ቀላቅሉልኝ የሚለንን እንግዳ ምን እንበለው?» ብላ ጠየቀች። ምንም አትበሉት፣ ቀላቅሉለት። የከፈለበት መጠጥ ነው፣ እንግዳ አይታረምም። ለእሱ የሚሆን ወይን ግን ለዩ። ርካሽና ጣፋጭ የሆነውን አቅርቡ። ሰባት ዓመት የተኛ ጠርሙስ ላይ ኮካ ሊጨምር ከሆነ ግን ከመክፈታችሁ በፊት በትሕትና ንገሩት። «ጋሼ፣ ይሄኛው ለብቻው ነው የሚያምረው፤ ለኮካው ሌላ ላምጣልዎት?» ማለት ይበቃል። አብዛኛው ሰው እሺ ይላል።

ሁለተኛው ጥያቄ «የእኛ ወይን እንደ ሙሳር ብናቆየው ይሻሻላል?» የሚል ነበር። በዓለም ላይ የሚሠራው አብዛኛው ወይን የሚሠራው ቶሎ እንዲጠጣ ነው። የእኛም እንደዚያው ነው። ሁሉን አስቀምጡ አልልም። ግን ቀይ ካበርኔና ሲራ ያለበት ወይን ምን ያህል እንደሚሄድ የሚታወቀው ሲሞከር ነው፤ ይሄን መሞከር የምትችሉት ደግሞ እናንተ ናችሁ። ከባቱ ቀይ በየዓመቱ አንድ ካርቶን ለዩ። ከኩሽና፣ ከጀኔሬተርና ከጣሪያ ቆርቆሮ የራቀ ቦታ ፈልጉለት፤ ምድር ቤት ካላችሁ እሰየው። ቡሽ ያለው ጠርሙስ ከሆነ በጎኑ አስተኙት፣ ቡሹ እንዳይደርቅ። ካርቶኑ ላይ የተገዛበትን ቀንና ዓመት በማርከር ጻፉበት። ቁልፉ አንድ ሰው ጋ ይሁን። በዓመት አንድ ጠርሙስ ክፈቱ፣ ከአዲሱ ጎን ቅዱት። ቀለሙን፣ ሽታውን፣ የወደዳችሁትንና ያልወደዳችሁትን ደብተር ላይ አስፍሩ። ደብተሩን የያዘው ሰው ሥራ ሲለቅ ለሚቀጥለው ያስረክብ።